አርባ ሦስት ቀለበት

አይ፣ መስቀል ነው፣ እንዴትም ባዞረው መስቀል ነው፣ አርባ ሦስት የምረቃ ቀለበት በካርቶን ጭኔ ላይ ይዤ ባጃጅ ውስጥ እየተንገጫገጭኩ አሁን ገና ታየኝ። አሁን። ከሦስት ሳምንት በፊት ናሙናውን በእጄ አገላብጬ አምሯል ጋሼ ያልኩት እኮ እኔው ነኝ፣ የተመራቂዎች ኮሚቴ ንድፉን አንቺ ሥሪ ሲለኝ ሃይማኖት የሌለበት፣ ብሔር የሌለበት፣ ማንንም የማያስቀይም ብዬ ስንት ወረቀት ቀድጄ፣ ከታች የተከፈተ መጽሐፍ፣ ግራና ቀኝ የገብስ ዛላ፣ ከላይ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን ተምረን ብርሃን ማንን ይጎዳል፣ ጋሽ ወልደ ሰንበት ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንገት መስቀል ሲሠሩ የኖሩ ብር ሠሪ ናቸው፣ ብርሃን ስላቸው እጃቸው የለመደውን ሠራ፣ አራት ጨረር፣ ጫፍ ጫፉ ሰፋ ያለ፣ በእሳቸው አልፈርድም፣ የእኔን ዓይን ግን ምን ጋረደው።

ሌይላ። አራት ዓመት አንድ ዶርም፣ እኔ ከአንኮበር፣ እሷ ከቁልቁለቱ ሥር ከአልዩ አምባ፣ በረመዳን ሌሊት ለሱሑር ስትነሳ እንዳልነቃባት መብራት ሳታበራ በዳበሳ የምትበላ ልጅ፣ እንኪ ይህን አጥልቂ ልበላት? ምንም አይደል ትለኛለች፣ እሱ ነው የሚገድለኝ። የእሷን ብቻ በሞረድ ላስፍቀው? መላጣ ቀለበት፣ ከሁሉ ተለይታ፣ የባሰ ነው። ጠፋ ልበል፣ ውሸት። ሁሉም እንደገና ይሠራ እንዳልል ምርቃቱ ከነገ ወዲያ፣ ሰብሳቢያችን ፍሥሐ ገና ሳይናገር ይሰማኛል፣ ኧረ ሠናይት አታካብጂ፣ ጌጥ እኮ ነው።

ባጃጁ ይቆማል፣ ሌይላ የግቢው በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፣ አምጪው ሠኒ፣ ከብዶሻል አይደል፣ ካርቶኑን ተቀብላ እዚያው ትከፍተዋለች፣ አንዱን ታነሳለች፣ ሌይላ፣ እላታለሁ፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ፣ ብርሃኑን እስቲ እዪው። ቀለበቱን አታይም፣ እኔን ነው የምታየኝ።

አይቼዋለሁ እኮ፣ ናሙናውን ቴሌግራም ላይ የለቀቅሽው ቀን።

እና ምነው ዝም አልሽኝ?

አንቺ እስክታዪው እየጠበቅኩ ነበራ።

ሦስት ሳምንት። አልጋዋ ከአልጋዬ ክንድ ሳይርቅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ።