ጨው የበላው ድምፅ

ባስራ ውስጥ የባሂጃን ሙሾ ሰምቶ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው ካለ እሱ ሰው አይደለም። ጦርነት ልጇን የቀማት እናት ሁሉ፣ ባል የሞተባት ሁሉ፣ "ባሂጃን ጥሩልኝ" ነበር የሚሉት። እሷ ከመጣች ሐዘን ይወጣል፣ ሰው ይቀለዋል። እንግዲህ በሽታ ሌላ ሰው ያጣ ይመስል የእሷን ጉሮሮ መርጦ ያዘ። ሐኪሞቹ ክፉውን ዕጢ ቆርጠው ሲያወጡ ድምፅዋም አብሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ እንኳን ሙሾ፣ የልጇን ስም መጥራት አቃታት።

ድምፅዋ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ ልጇ ሻኪር ሳሎን ጥግ ባስቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ። ሙሾዋ የተቀዳባቸውን ካሴቶችማ ሙቀቱ አጣሞ ከጥቅም ውጭ ካደረጋቸው ቆይቷል። አንድ ቀን ባሂጃ ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ ኮምፒዩተሩን ጠቁማ፣ ዓይኗን ከደነችለት። ሻኪር ወዲያው ገባው። ስሞት ሌላ አልቃሽ እንዳታመጣ፣ ለራሴ የማለቅሰው እኔው ነኝ ማለቷ ነው። እንባውን ዋጥ አድርጎ እሺ አላት። ፍላሽ ላይ እገለብጠዋለሁ ሲል፣ ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ። አይ የሰው ነገር!

በነሐሴው ቃጠሎ የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ቆመ። ማሽኑ ሲከፍቱት ይነሣል፤ አንዱ ሙሾ ሳያልቅ ይግልና ድርግም ይላል። ሻኪር ማራገቢያውን ፈትቶ አቧራውን ጠረገ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገበት። ትንሽ ዞረለትና መልሶ ተቸነከረ። አዲስ ሊገዛ ገበያ ቢወጣ በሩ ሁሉ ጥርቅም። ለካ አርበዒን ነው፣ የሰማዕቱ ኢማም የአርባ ቀን መታሰቢያ፤ ከተማው በእግሩ ወደ ከርበላ ነቅሏል። ኮምፒዩተር ጠጋኙ ፋሊሕም አብሮ ሄዷል። ፋሊሕ ገና መንገድ ላይ እያለ ሻኪር ደወለለት።

"ፋሊሕ ወንድሜ፣ ሱቅህን የሚከፍትልኝ ሰው የለም?"

"ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ናስሪያን አልፌያለሁ፣ እግሬም ተልጧል። ስማኝ፣ እስክመለስ አትንካው። ጨርቅ ጣል አርግበትና ተወው።"

"እናቴ እስከዚያ ባትቆይልኝስ?"

ፋሊሕ፣ አላህ ያቆይልህ ብሎ ዘጋ።

በዚያው ከሰዓት የሰፈሩ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ለአርበዒን ለቅሶ እነ ባሂጃ ቤት ተሰበሰቡ። ባሂጃ ፍራሽዋ ላይ ቀና ብላ በጣቷ ኮምፒዩተሩን ጠቆመች። ሻኪር እምቢ የሚልበት አንጀት ከየት ያምጣ? መስኮቱ ላይ የተገጠመውን ማቀዝቀዣ አየ፤ ጎኑ ውስጥ የታጨቀውን ድርቆሽ ውሃ እያራሰው ብርድ የሚተፋውን። እኛ ባስራዎች የጋለ ነገር ሁሉ እሱ ፊት ነው የምናስቀምጠው፣ ሐብሐብም ይሁን ትኩሳት የያዘው ሕፃን። ሻኪርም የኮምፒዩተሩን ክዳን ነቅሎ ሆዱን ለነፋሱ አስጠጋው።

ሠራ! የባሂጃ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ከራሷ ድምፅ ጋር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሻኪርም ደስ ብሎት ፍላሹን ሰክቶ ከመጀመሪያው መገልበጥ አስጀመረና የደረቅ ሎሚ ሻይ ሊያቀርብ ወደ ጓዳ ገባ።

ትሪውን ይዞ ሲመለስ ድምፅዋ ስንኙ መሀል ላይ ተቆረጠ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሴቶቹ እረፍት የወሰደች መስሏቸው ትንሽ አለቀሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ሻኪር ጎንበስ ብሎ ሲያይ የኮምፒዩተሩ ሆድ ነፋሱ ባመጣው ጠብታ እርጥብ ነው፣ ዳር ዳሩ ነጭ ለብሷል። ጨው! የምንጠጣውን ጣፋጭ ውሃ ከቦቴ እንገዛለን እንጂ ለማቀዝቀዣ ማን ጣፋጭ ውሃ ያፈሳል? ማቀዝቀዣው የሚጠጣው የቧንቧውን ነው፣ ባሕሩ ወንዙን ሽቅብ እየወጣ በጨው ያመረረውን። ይህን የማያውቅ የባስራ ሰው የለም። ሻኪርም ያውቃል፣ ቸኩሎ ነው እንጂ። 

ፋሊሕ እያነከሰ ተመልሶ መጣና ፈታታው። ዲስኩን ባግዳድ ድረስ ልኮ አሳየው፤ ተስፋ የለውም ተባለ።

"ማራገቢያው እኮ ተራ ነገር ነበር" አለ ፋሊሕ አንገቱን ደፍቶ። "ትንሽ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት?"

ሻኪር በፋሊሕ ኮምፒዩተር ፍላሹን ከፍቶ አየ። ፍላሹ ላይ የተረፈችው የመጀመሪያዋ ቁራጭ ብቻ ናት፣ ባሂጃ ሙሾ ከመጀመሯ በፊት የተናገረችው። ለእናቱ ሊያሰማት አልደፈረም። እሷም መልሳ አልጠቆመችም።

ብርዱ ሳይገባ ባሂጃ ሞተች። ሻኪር ቃሉን አክብሮ ሌላ አልቃሽ አልጠራም። ሴቶቹ ተሰብስበው ቆመው ሲንጫጩ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ያቺኑ ቁራጭ ከፈተላቸው፤ ሌላ ምን አለውና።

ባሂጃ ጉሮሮዋን ጠረገች። "በሉ ተቀመጡ፣ ልጆቼ፣" አለች፣ "ገና አልጀመርኩም።"

ሴቶቹ እንደ ድሮው እሺ ብለው ተቀመጡ፣ ጥቁር ነጠላቸውን ሰበሰቡና ጠበቁ።