ሽብሽብ የሌለበት ቦታ

«ቆይ ግን፣ ሟቹ ሥራው ምን ነበር?» አለች አንዷ ለቅሶ ደራሽ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንዳቀፈች።

አጠገቧ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ጥያቄው ግን ከአፍ ወጥቷል፣ አይመለስም። ሰው ሁሉ ወደ እታለም ዞረ።

እታለም የሟቹ ታላቅ እህት ናት። የወጣላት ስም ሌላ ነው። ወንድሟ አፉን ሲፈታ እታለም ብሎ ጠራት፣ ሰፈሩም ከሱ ተቀበለ። ከቤቱ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። እሷ ደግሞ ወንድሟን ጩጬ ነው የምትለው፤ ፀጉሩ ሸብቶም ጩጬ ነበር።

አስተማሪ ነው ልትል አሰበች። ማስተማሩንስ ያስተምር ነበር፣ ግን ሥራዬ የሚለው እሱን አልነበረም። ሒሳብ ይሠራ ነበር ልትልም አሰበች። ሒሳብማ ባለሱቁም ይሠራል።

«ቅርጽ ያጠና ነበር» አለች በመጨረሻ።

«የምን ቅርጽ?»

«የማይታይ።»

ሴትየዋ ሻይዋን ፉት አለችና ራሷን ነቀነቀች። ገባኝ ማለቷ አልነበረም፤ ምስኪን፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ማለቷ ነበር።

እታለም ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ልታጥብ እንጂ ልታለቅስ አይደለም። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ዐይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም።

«የምሯን ነው እንዴ?» አለች ጠያቂዋ በሹክሹክታ።

«የምሯን ነው። ባንክ ቤት ለምነውት እምቢ አለ አሉ። ለዚሁ ለማይታየው ብሎ።»

«የማይታይ ሥራማ ባሌም አለው። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «ተይ አንቺ፣ ለቅሶ ቤት ነው! እኔን የምታሳዝነኝ እሷ ናት። እሱስ ደስ ያለውን ሠርቶ ሞተ። እናታቸው ስትሞት ከትምህርቷ ወጥታ፣ ትዳሯን ገፍታ ያሳደገችው እሷ። እሷ ዕድሜዋን ለሱ ሰጠች፣ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ለ... ለምን እንበለው?»

«ለነፋስ።»

እታለም ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ አጠበች። ብትናደድ ይሻላት ነበር። ያቃጠላት ሌላ ነው፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይዛው የምትዞረውን ጥያቄ ከሰው አፍ መስማቷ ነው። ጩጬ የደከመለት ነገር አለ ወይስ የለም?

ድሮ ቢሆን ኖረም አልኖረም ግድ አልነበራትም። ልጁ ደስ ይበለው እንጂ የፈለገውን ያጥና ባይ ነበረች። አሁን ግን ግድ ያላት ምክንያት በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

የአውቶቡስ ሹፌሩ ነው። በየቀኑ ይመጣል፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ የሰጡትን ሻይ ሳይጠጣው ያቀዘቅዘዋል። ጩጬ የሞተው የሱ አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ መስኮቱን ተደግፎ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶታል። መውረጃው ደርሶ ሳይወርድ ሲቀር ዝም አለው። መጨረሻ ደርሶ ሰው አራገፈ፣ ሰው ጭኖ ዞረ። መውረጃው እንደገና መጣና አለፈ። አሁንም ዝም አለው። ጩጬ እንዲህ ነበራ! ሐሳብ ይዞት ሲሄድ መውረጃውን ማለፍ ልማዱ ነው። «ሲያስብ አትንካው፤ ዞሮ ዞሮ ይመጣል፣ የት ይጠፋል» ብላ ከዓመታት በፊት ለሹፌሩ የነገረችው ደግሞ ራሷ እታለም ናት።

ለሱ ብቻም አይደለም የነገረችው። ደጃፉ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ታባርራለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ሰላም ብላው እሱ ፊት ለፊቷ ፈዝዞ ሲቆም፣ «አሁን ቤት የለም፣ ቆይተሽ ሰላም በይው» ትላታለች። ሰፈሩ እየሳቀ ለመደው። ሁሉም በሱ ዙሪያ በእግር ጣቱ መሄድ ቻለበት።

ሐኪሙ «ወዲያው ነው የሞተው፣ ቢደረስለትም አይተርፍም ነበር» ብሏል። ሐኪም ግን ለሐዘንተኛ የማይለው የለም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዝምታ የተጠበቀለት ነገር ካለ፣ እሺ። ከባድ ነው፣ ግን ትችለዋለች። ከሌለ ግን ወንድሟ ሰው በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ ለብቻው ሞተ፣ ያውም ለምንም፤ አትንኩት ያለችውም እሷ ናት።

በማግስቱ ቡናው ሲቀዳ ጉዳዩን ለአጎቷ አነሳችለት። አጎቷ ዕድሜ ልኩን እቃ ሲያሻሽጥ የኖረ ደላላ ነው፤ መልስ አያጣም።

«አለ በያቸዋ!» አላት። «ማን ሄዶ ይለካዋል?»

«ለሰው ልል አይደለም። እኔ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ችኮ ነሽ። ሰው ወንድሙ ሲሞት ያለቅሳል፤ አንቺ ምርመራ ትጀምሪያለሽ።»

«ሳውቅ አለቅሳለሁ» አለችው።

የምታውቀው ጥቂት ነው። ያም ከአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተረፈ ነው።

ጩጬ ገና ተማሪ ሳለ ነው። ሥራ ቦታዋ ገባና ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ አራት ማዕዘን ሸራ መዞ አወጣ።

«ይቺን ስፊልኝ እስቲ።»

«ምን ትሁን?»

«መጀመሪያ ይሄን ጠርዝ ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ጋር ግጠሚው።»

ገጠመችው፤ ሸራው ቱቦ ሆነ።

«አሁን የቱቦውን ሁለት አፍ አንድ ላይ ግጠሚያቸው። ግን እንዳይሸበሸብ።»

ቀላል መስሏት ነበር። ቱቦውን አጥፋ አፉን ከአፉ ስታገናኘው በውስጥ በኩል ተኮራመተ። ፈታችው። በሌላ በኩል ሞከረችው። ውጪው ሲወጠርላት ውስጡ ይሸበሸባል፤ ውስጡን ስታስተካክል ውጪው አልደርስ ይላል። እታለም ደግሞ እልኸኛ ናት። መርፌ ሰበረች፣ ደንበኛ ነገ ና ብላ መለሰች፣ ምሳዋን ረሳች።

«ሸራው ነው እምቢ ያለኝ።»

«ሸራው ምን አደረገሽ» አለ ጩጬ እየሳቀ።

«እጅሽ ነው ብትለኝ ወየውልህ!»

«እጅሽም አይደለም። ቦታው ነው ያነሰው።»

«ክፍሏ ጠባብ ናት ልትለኝ ነው? ጠባብም ሆና ነው ያስተማረችህ።»

«ዓለሙ ነው የጠበበው፣ እታለም። ርዝመት አለን፣ ወርድ አለን፣ ከፍታ አለን። አንድ ሌላ ቢጨመርልን ይቺ ሸራ ያለ አንዲት ሽብሽብ ትገጥም ነበር።»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ አቅጣጫ።»

«ወዴት ነው እሱ?»

እጁን አነሳ፤ የሚጠቁምበት አጣ። ቆይቶ ከጥቅሉ ክር ሳበና ግድግዳው ጋ ሄዶ ወጥሮ ያዘላት።

«እዚያ ሆነሽ ምን ይመስልሻል?»

«መስመር።»

«ነይ ቅረቢ። ዙሪያ የለውም?»

«ዙሪያ የሌለው ክር የት አይተህ ታውቃለህ!»

«አየሽ፣ ከሩቅ ዙሪያው ጠፋብሽ። ትንሽ ስለሆነ እንጂ ስለሌለ አይደለም። እኛ የምናጠናቸው አቅጣጫዎችም እንደዚያው ናቸው። ስድስት ናቸው፤ ከዐይን ከመሣሪያ በላይ አንሰው፣ ተጠቅልለው፣ በየቦታው አሉ። እዚህ ጣትሽ ጫፍ ላይም አሉ። የተጠቀለሉበት ቅርጽ ነው ዓለሙን እንዲህ ያደረገው። ቅርጹ ሌላ ቢሆን ድንጋዩም ውሃውም ሌላ ነበር፤ እኔና አንቺም የለንም።»

እታለም የጣቷን ጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

«እኔ የሚታየኝ መርፌ የወጋኝ ጠባሳ ነው።»

«እሱም አለ» አላት ጩጬ።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም። አሉ ብሏታላ! ጩጬ ዋሽቷት አያውቅም። አንድ ሰው ሊያገባት መጥቶ ልጁን ለዘመድ ስጪው ሲላት በሩን ያሳየችው፣ ሌሊት ተቀምጣ የሰፋችው፣ ሰፈሩን ዝም ያሰኘችው በዚያች ቃል ላይ ቆማ ነው የሚመስላት አሁን ስታስበው፤ ግማሹ ቃሉ ከመነገሩ በፊት የሆነ ቢሆንም።

ለቅሶ ደራሹ እየሳሳ በመጣበት ሰሞን መምህሩ መጡ። ጩጬን ያስተማሩት፣ በኋላም አብረውት የሠሩት ሰው ናቸው። ሸምግለዋል፤ ደረጃው አድክሟቸው ቁና ቁና እየተነፈሱ ነው የገቡት። ትራስ ተደላደለላቸው፣ ቡና ተቀዳላቸው።

«ታላቅ ሰው ነው ያጣነው» አሉ። «ስሙ ከመቃብር በላይ ይኖራል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እታለም። ከዚያ ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካወቁት ይንገሩኝ፤ ካላወቁት አላውቅም ይበሉኝ። ብቻ እንዳያባብሉኝ።»

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«እነዚያ አቅጣጫዎች አሉ ወይ?»

መምህሩ ስኒውን አስቀመጡ። «የወንድምሽ ሥራ በጣም ትልቅ...»

«ስለ ትልቅነቱ አልጠየቅሁዎትም። አሉ ወይ ነው ያልኩት።»

ዳቦ ጋጋሪዋ «ኧረ ተይ» አለች በቀስታ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዐይናቸው ያለ መነጽር የደከመ ነበር።

«አናውቅም» አሉ። «ዓለም ከታች፣ ከሁሉ ነገር በታች፣ የሚንቀጠቀጡ ቀጫጭን ክሮች ነው ብለን ከጀመርን ሒሳቡ ያለ እነዚያ አቅጣጫዎች አይቆምም። ግን ያያቸው የለም። ቅርጾቹ ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው፤ የኛ ዓለም የትኛው ላይ እንደሆነ አይታወቅም። ክሮቹ ራሳቸው ላይኖሩ ይችላሉ።»

«የጩጬ ሥራስ?»

«አንዱን የቅርጽ ዓይነት ይዞ ስንት ቀዳዳ እንዳለው፣ ሲጣመም ምኑ እንደሚቀየር፣ ምኑ እንደማይቀየር አሳየ። ያሳየው ልክ ነው። እሱን ማንም አያፈርሰውም። ያ ቅርጽ በዓለም ላይ መኖሩን ነው የማናውቀው።»

«ልብሱ ልክ ነው፣ የሚለብሰው ሰው መኖሩ ግን አይታወቅም እያሉኝ ነው።»

«አዎ፣ ልጄ። እንደዚያ ነው።»

ሹፌሩ ኮፍያውን ጨመቀው።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለች እታለም። «ላይኖር እንደሚችል?»

«ከሁላችንም ይልቅ። አንዳንድ ጠዋት ገና ሲገባ፣ ዛሬስ የለም ብዬ ነው የነቃሁት ይለኛል። ከዚያ ኮቱን ይሰቅልና ሥራውን ይጀምራል።»

«እኔን አሉ ነው ያለኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ እንደገና አወለቁት። «አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። ለቤተሰብህ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው አልኩት። እህቴ ለዚህ ነገር ብላ ሰፈሩን ሁሉ ዝም አሰኝታልኛለች፣ ምናልባት የለም ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራት አለኝ።»

እታለም ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ቢነግረኝ ምን ነበረበት!» አለች። «ቢነግረኝ! እኔ እሱን ሳሳድግ ምን እንደሚወጣው አውቄ ነው? አንድም ቀን ሳላውቅ አይደል እንዴ ያሳደግኩት! ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻውን ተሸከመው? ማታ ማታ እዚህ ተቀምጦ እራት ሲበላ፣ እኔ እንዴት ዋልክ ስለው፣ ደህና ሲለኝ...»

ከዚያ ለቅሶው መጣ። በቀብሩም ቀን፣ ከዚያም ወዲህ ያልመጣው አሁን መጣ። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሱ። አጎቷ በእጁ ከለከላቸው። «ተዉአት» አለ። «አወቀች።»

መምህሩ ሊሄዱ ሲነሱ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ፊቷ አብጧል።

«ነገ ሥራ ይገባሉ?»

«እገባለሁ።»

«ላይኖርም እየቻለ?»

«ላይኖርም እየቻለ» አሉና የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ።

ሲመሻሽ ለቅሶ ደራሹ ተበተነ። ዳቦ ጋጋሪዋ ብርጭቆዎቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፣ የውሃው ድምፅ ተሰማ። እታለም በግድግዳው ጥግ ካለው ረጅም አግዳሚ መሃል ላይ ተቀመጠች። አግዳሚው ቀኑን ሙሉ ሰው ጢም ብሎበት ነው የዋለው፤ አሁን ከሷ በቀር ማንም የለበትም። ሹፌሩ ብቻ ነው ሳሎኑ ውስጥ የቀረ፣ እሱም በርጩማው ላይ።

«ብነካው ኖሮ» አለ ወለሉን እያየ። «ትከሻውን እንዲህ፣ ትንሽ ብነካው ኖሮ...»

«አትንካው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ያልነካሁትም እኔ ነኝ።»

እታለም ትንሽ ቆይታ፣ ባዶ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠች፣ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች። ጎኗ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

ሹፌሩ ለሱ መሰለው። ኮፍያውን ይዞ ተነሳ፣ ወደ አግዳሚውም መጣ። እታለም ግን ሰው አለበት እንደማለት መዳፏን ዘርግታ ቦታው ላይ አስቀመጠች።

ቆሞ እጇን አየ። ከዚያ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ ወለሉን በእግሩ ጣት እየረገጠ፣ ወደ በርጩማው ተመለሰ።