የጋሽ ሾዴ መረብ

«ጉዳዩ በጥልቀት ከተመረመረና የጦፈ ውይይት ከተካሄደበት በኋላ የሚከተለው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አሉ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ኃይለ መለኮት፣ ድንኳኑ መሐል ቆመው ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው እያነበቡ። «አንደኛ፦ ሐዘኑ እስኪያበቃ ድረስ በዚህ ድንኳን ውስጥ የዚያ ጎል ነገር እንዳይነሳ። ሁለተኛ የለም።»

ለቀስተኛው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። አቶ ኃይለ መለኮት ገና ሳይቀመጡ፣ ካርታ ከያዙት አንዱ፣

«ጎል ነበር ግን» አለ።

«የምን ጎል? ከጎን ነው የገባው!»

«አንተ ደግሞ የት ቆመህ ነው ያየኸው? ዛፍ ላይ አልነበርክም እንዴ?»

«ዛፍ ላይ ስለነበርኩ ነዋ ያየሁት!»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ልጁ ይሰማል!»

ልጁ አዲሳለም ይሰማል። ሟቹ ጋሽ ሾዴ አባቱ ናቸው፤ ጎሉም የሱ ነው። ሦስተኛ ቀኑ ነው እንግዲህ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ እዚያው ጥግ ተቀምጦ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ሲባል። ከራሱ በላይ፣ የድንኳኑን አንድ ጎን ሙሉ ሸፍኖ፣ የጎል መረብ ተሰቅሏል። በቀብሩ ዕለት ዘመድ የጋሽ ሾዴን ኮትና ባርኔጣ ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ፣ ተጫዋቾቻቸው መረቡን ለአራት ተሸክመው ወጥተው ነበር። ከመቃብር ሲመለሱ የሚያስቀምጡበት ቢያጡ እዚያው ሰቀሉት።

ጋሽ ሾዴ ሽሮ ሜዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የሸመኑ፣ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ የቀበሌውን ወጣቶች ያሰለጠኑ ሰው ነበሩ። ማሊያውን ራሳቸው ሸመኑት፤ ዝናብ ሲመታው እስከ ጉልበት እየወረደ፣ ከእረፍት በኋላ ቡድኑ ለቅዳሴ የተሰለፉ ዲያቆናት ይመስል ነበር። መረቡንም ከሲባጎ ቋጥረው ሠሩት። «የሰው እግር ስትመታ እጅህን አንሳና ‹ጥፋቴ ነው› በል፤ ዳኛው ትንፋሹን ለምን ያባክናል?» ይሉ ነበር። ተቃራኒ ቡድን ይህን ሲሰማ በደስታ ይሞታል።

ቅዳሜ ከሰዓት መረቡ ግቢያቸው ውስጥ ይዘረጋል። እናት ወይዘሮ መሰለች በአንዱ ጫፍ፣ አዲሳለም በሌላው፣ ጋሽ ሾዴ መሐል ተንበርክከው የላላውን ያጠብቃሉ። እየተሳደቡ፣ እየተሳሳቁ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ። ሌላው ቤተሰብ ለፋሲካ ይሰበሰባል፤ እነሱ ለመረብ።

ከዚያ የስድሳ ሁለቱ... የለም፣ የሰባ ሁለቱ ፍጻሜ መጣ። ከቀጨኔ ልጆች ጋር። ባዶ ለባዶ፣ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ሜዳው ጭቃ፤ ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች ሊመርጥ የመጣ ሰው ደብተሩን ይዞ ቆሟል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አዲሳለም በግራ በኩል ሁለት ሰው አልፎ ለጋት! ኳሷ መረቡ ውስጥ ተገኘች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሽሮ ሜዳ አበደች! አዲሳለም ትከሻ ላይ ወጣ፣ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ወረወረችለት።

ጋሽ ሾዴ ግን ወደ ጎሉ ሄዱ። ከቋሚው ውጪ ቆሙና እጃቸውን በመረቡ ጎን ባለ ቀዳዳ አስገብተው፣ ከውስጥ በኩል ለዳኛው አውለበለቡለት።

«ኳሷ በዚህ ነው የገባችው» አሉ። «ቋጠሮው የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው።»

ጎሉ ተሻረ። ቀጨኔ በመጨረሻዋ ደቂቃ አገባችና ዋንጫውን ወሰደች። ባለደብተሩ ሰው ደብተሩን ኪሱ ከቶ ሄደ። የቀበሌው ስፖርት ኮሚቴ «አሻጥር ነው ወይስ የዋህነት?» በሚል አጀንዳ አንድ ሳምንት ተሰበሰበ፤ የዋህነት በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። አዲሳለም የቀበሌ ሱቅ ገባ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስኳር እየመዘነ፣ ለተሰለፈው ሁሉ «ጎል ነበር፤ አባቴ ነው የቀማኝ» ሲል ኖረ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ስብሐት ነው፣ የያኔው የቀጨኔ በረኛ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። መረቡን ሲያይ «ወይኔ ጋሼ!» ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ጋዜጣውን ቀደደው። ዋንጫው! አንድ ጆሮው ወልቋል እንጂ ራሱ ነው።

«እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ» አለ ስብሐት። «በዓይኔ አይቻለሁ። በቋሚው ውስጥ ነው የገባችው። ጎል ነበር!»

ካርታው ወደ ላይ ተበተነ። «አላልኩም?» «ዛፉ ላይ የነበርከው፣ የታለህ?» ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቀፉ። አንዱ እልል ሊል ሲል ለቅሶ መሆኑ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ። አቶ ኃይለ መለኮት ወረቀታቸውን ሲፈልጉ ቆዩና፣ «ውሳኔው... በቃ፣ ውሳኔው ተሽሯል! ዋንጫውን ለልጁ ስጡት!» አሉ።

አዲሳለም ዋንጫውን ተቀበለ። ቀላል ነው፣ ቆርቆሮ። ስብሐትን ጠጋ አለውና በዝግታ፣

«ያኔ አፍንጫህ ጭቃ ውስጥ አልነበረም?» አለው።

«ታዲያ ለጋሽ ሾዴ ለቅሶ ባዶ እጄን ልምጣ?»

አዲሳለም ቀና ብሎ መረቡን አየ። ቀዳዳው አሁንም አለ፤ ኳስ ያሳልፋል። ከዚያ ፍጻሜ ወዲህ ለየጨዋታው በጨርቅ ያስሩት ነበር፣ ሲያልቅ ጋሽ ሾዴ ራሳቸው ይፈቱታል። የፍጻሜው ዕለት እራት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀውት ነበር። «አንተስ አላየህም?» «አላየሁም።» ወይዘሮ መሰለች ከሳምንት በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ሸማኔ ሆነህ ይሄን አትሰፋውም?» ሲሏቸው፣ ጋሽ ሾዴ ወደ ልጃቸው ሳያዩ «ያየው ይስፋው» አሉ። ከዚያ ወዲህ መረቡ ቅዳሜ ቅዳሜ አልተዘረጋም።

አዲሳለም ዋንጫውን መልሶ ለስብሐት አስታቀፈው። እጁን በቀዳዳው አስገባና ከማዶ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ።

«በዚህ ነው የገባችው» አለ ጮክ ብሎ። «ዛሬ አይደለም ያወቅኩት። ስለጋት አይቻታለሁ።»

ወይዘሮ መሰለች ከሴቶቹ መቀመጫ ተነሡ፣ ቤት ገቡ፣ የሲባጎ ድውርና ወስፌ ይዘው ወጡ። ማንንም ሳያነጋግሩ የመረቡን አንድ ጫፍ ወጥረው ያዙ። አዲሳለም ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ፤ የመጀመሪያውን ቋጠሮ አሰረ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አሉ አቶ ኃይለ መለኮት። «ስድስት ዓመት ጎል ነው ብለህ አደነቆርከን። ዋንጫው እጅህ ሲገባ አይደለም ትላለህ! ይሄ ሁሉ ለቀስተኛ ቁጭ ብሏል፤ ምን እንዳሰብክ አስረዳ እንጂ!»

አዲሳለም ሲባጎውን በጥርሱ በጠሰ።

«አላስረዳም» አለ፣ ወደሚቀጥለው ቋጠሮ እየሄደ።