ሻምበሉ የቀነሰው ስርቆት

የሺአረግ በድሬዳዋ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የአቤቱታ መዝገብ መያዝ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ከከዚራ እስከ ሳቢያን የማን መኪና መቼ እንደተሰረቀ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በ1975 ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የሚገባው የመኪና መለዋወጫ የመጋላን ገበያ ሲያጥለቀልቀው የሰው መኪና የሚነካ ጠፋ። በዓመቱ የባቡሩ ፍተሻ ጠበቀ፤ መንግሥት አስመጣለሁ ያለው ዕቃም የውሃ ሽታ ሆነ። ያኔ በአንድ ወር ዘጠኝ መኪና ተሰረቀ።

አንድ ማክሰኞ ባለታክሲው ኢስሃቅ እያለከለከ መጣ። ፔዦውን መስጊድ ደጃፍ አቁሞ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ሰግዶ ሲወጣ አጣት። የሺአረግ ቃሉን ጽፋ ሳትጨርስ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ሀብተ ማርያም ከቢሮው ወጣ።

"ራስህ ሸጠህ ነው" አለው።

"ሸጬ ምን ልበላ ጌታዬ? ወላሂ፣ ስምንት ነፍስ የማሳድረው በእሷ ነው።"

ሻምበሉ እዚያው አሳሰረው። ከዚያ ወደ የሺአረግ ዞረ። "ስርቆት የሚለውን ሰርዢና አሻጥር በይው። የሌሎቹንም እንደዚሁ። በሪፖርቱ ስርቆት ቀንሷል መባል አለበት።"

ደሟ ፈላ። ቃሉን ግን አልሰረዘችም። የኢስሃቅ ሚስት መድና በየቀኑ ስንቅ ይዛ በር ላይ ስትቆም ባየች ቁጥር ጥርሷን ትነክስ ነበር።

ሪፖርቱ በቀረበበት ስብሰባ ሻምበሉ "በቆራጥ ትግላችን ስርቆት በግማሽ ቀንሷል" ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። የሺአረግ መዝገቡን ይዛ ተነሳች።

"አልቀነሰም፣ ጓዶች። የተሰረቀበትን ሰው ስለምናስር ነው አቤት ባይ የጠፋው። ጎማና ሞተር ገበያ ላይ ሲታጣ ስርቆት ይበዛል፤ ሲገኝ ይቀንሳል። የእኛ ቆራጥነት ምንም አላደረገም።"

ሪፖርቱን ሊሰማ ከክፍለ ሀገር የመጣው ኃላፊ መዝገቡን ተቀብሎ አገላበጠው።

ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን ኢስሃቅ ተፈታ። ይቅርታ ያለው የለም። ፔዦዋ በሁርሶ መንገድ ዳር ተገኘች፤ ሞተሯ ወጥቶ፣ ጎማዎቿ ተፈትተው፣ ቆርቆሮዋ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። ሻምበሉ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። የሺአረግን ግን በጣቢያው ጓሮ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወራት።

ኢስሃቅ ሊያመሰግናት እዚያ ድረስ ሄደ።

"በእኔ ምክንያት ጎዱሽ አይደል እህቴ?"

"እኔስ ደሞዝ አለኝ። አንተ ምን ይዘሃል?"

"የአጎቴን ጋሪ እየነዳሁ ነው። ፈረሱ ግን አርጅቷል።"

እንዲህ ብሎ ሊስቅ ሞከረ። የሺአረግ አልሳቀችም። እስከ በሩ ሸኘችውና የሻምበሉ ቢሮ መስኮት ላይ ዓይኗን ተክላ፣ ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ ረጅም ሰዓት ቆመች።