ዋሾ ያልኳት ቺፕ

እኔ ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ ሚስቴ ትመስክር። ከሰው ብጣላ ደግ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ የተጣላሁት ከጥፍሬ ከማትበልጥ ቺፕ ጋር ነው።

ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ቀለሙን የሚያፈላው እንፋሎት የሚመጣው ግቢው ጥግ ካለው ቦይለር ነው። የግፊት መለኪያው የሚልከውን ኤሌክትሪክ ቺፗ ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች፤ ቁጥሩ ከስምንት ካለፈ ደወል ይጮሃል። ጤነኛው ቁጥር ስድስት ነው። ይቺ እርጉም ታዲያ ቀኑን ሙሉ ስድስት፣ ስድስት ስትል ትቆይና ድንገት ዘጠኝ ትላለች። ደወሉ ሲያንባርቅ፣ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ፣ ተመልሳ ስድስት!

በጮኸ ቁጥር የሚሮጡት የሚስቴ አባት ናቸው። ቦይለሩን ሃያ ዓመት ጠብቀዋል፤ ጆሯቸውንም እሱው በልቶታል። ከዚያ ደወል በቀር የሚሰሙት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ደወል ሲሰሙ አሥራ ስምንት የብረት ደረጃ ወጥተው ነዳጁን በእጃቸው ይዘጋሉ። በዚያ ጉልበታቸው! ሚስቴ ቅባት እየቀባች ታሽላቸውና ወደ እኔ ዞራ፣ "አባቴን ልትጨርሰው ነው እንዴ? ይሄን ነገር አንድ በለው እንጂ!" ትለኛለች።

ምን ያላደረግኩት አለ? ሽቦ ቀየርኩ። ብየዳውን ደገምኩ። ፓወር ሰፕላዩን ለወጥኩ። ቺፗን ሦስቴ ነቅዬ በአዲስ ተካሁ፤ የነቀልኳቸውን ሳልፈትሽ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው። ምናቸውን እፈትሻለሁ? ጎን ያለው የድሮው ባለ ቀስት መለኪያ ንቅንቅ ሳይል ስድስት ላይ ቆሞ የለ? ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

"ልጄ፣ በሽተኛውን ሳታይ ቴርሞሜትሩን ሦስቴ ትቀይራለህ?" አሉኝ አማቴ አንድ ቀን።

"አባባ፣ በሽተኛዋ ራሷ ቺፗ ናት!" ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ።

"እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ" ብለው ሳቁና ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው ተነሱ።

በመጨረሻ ፕሮግራሙን ከፍቼ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ቁጥሩ ባንዴ ከአንድ በላይ ከዘለለ ውሸት ነው፤ ጣለውና የፊተኛውን ያዝ። ስንት እንደጣለ እንዲቆጥርም አዘዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወሉ ጸጥ አለ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ሚስቴ ሳመችኝ፣ አማቴ መረቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ቆጣሪውን አየሁት። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጥሏል። በሁለተኛው አሥራ አንድ። ባለፈው ሳምንት መቶ ስድሳ። ሦስቱን ቺፖች ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ልኩን የማውቀውን ቮልት እየሰጠሁ ከጠዋት እስከ ምሳ ፈተሽኳቸው። አንዷም፣ አንዴም አልተሳሳተችም።

ክው አልኩ። ቺፗ ካልዋሸች ዘጠኙ እውነት ነዋ! ቀስቱስ? ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እሁድ ዕለት ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ሳለ እንኳ ቀስቱ ስድስት ላይ ነበር። ቀጭኑ ቱቦው በውሃው ዝቃጭ ተደፍኖ፣ ቀስቱ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው! በዓይኔ አይቼ አልፌዋለሁ፤ ዓይኔን ይንሳኝ።

ወደ ቦይለሩ በረርኩ። የመቆጣጠሪያው ሳጥን ከቦይለር ክፍሉ ውጪ፣ መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ስክሪኑ ስድስት ይላል። ቆጣሪው ግን በየሴኮንዱ አንድ እየጨመረ ነው። ግፊቱ ዘሎ አልተመለሰም፤ የእኔ መስመር እውነቱን እየተቀበለች ትጥላለች።

ደወሉን ላስጮኸው ብዬ የመለኪያውን ሽቦ ነቅዬ ከሙሉ ቮልት ጋር አገናኘሁት። ቺፗ የምታውቀውን ትልቁን ቁጥር አየች። መስመሬ ግን ይሄንንም ውሸት ነው ብላ ጣለችው። ደወሉ አልጮኸም።

"አባባ! ይውጡ!" መስታወቱን በቡጢ ደበደብኩት።

አማቴ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። መስታወቱ ሲነቃነቅ አዩኝና ፈገግ አሉ። ሁሉ ሰላም ነው የሚለውን አረንጓዴ መብራት በጣታቸው አሳዩኝ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝ። በሁለት እጄ ወደ በሩ እያመለከትኩ እንደ እብድ ስዘል ግን ፊታቸው ተለወጠ። ተነሱ። ተመስገን፣ ሊወጡ ነው አልኩ። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም፤ ሃያ ዓመት እንዳደረጉት ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

በሩ በሌላው ወገን ነው። እየሮጥኩ ስዞር ፈነዳ። እኔን ግድግዳው አዳነኝ።

መርማሪዎቹ የጻፉት ወረቀት "የመጨረሻው ንባብ ስድስት፤ በመለኪያውም በደወሉም ላይ ችግር አልታየም" ይላል። ሚስቴ ወረቀቱን አንብባ አጠፈችው።

"አባዬ ያንን ደወል እንኳ መስማት አቅቶት ነበር ማለት ነው" አለችኝ እያለቀሰች። "ሐኪም ጋ ልውሰደው እያልኩ ዛሬ ነገ ስል! እኔ ነኝ የገደልኩት።"

ለትንሹም ለትልቁም ቱግ የምለው እኔ፣ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።