መሰላሉን ማን ሰነጠቀው

"አንዱን ጨርቅ ሸጠኸዋል።"

"የቱን ጨርቅ?"

"ሰባት ንጣፍ ነው ያልኩት። ቢጎድል ነው የተሰነጠቀው። ከዚህ ቤት ዕቃ ሲጠፋ ሁልጊዜ አጠገቡ የሚገኘው ደሞ ማነው?"

"እኔማ ከሁሉም ነገር አጠገብ ነኝ ጋሼ። ቤቱ ጠባብ ነዋ።"

አጎቴ አልሳቀም። የመሰላሉን ቋሚ እንደያዘ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ደረቅ ሸንበቆ ተሰንጥቋል። ራሱ የፈለሰፈው ነው፤ ሬዚን በሚባል ሙጫ ከተነከረ የመስታወት ክር ጨርቅ፣ ቀላል፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ መብራት ሽቦ ላይ ለሚወጡ ሰዎች። ከነገ ወዲያ ገዢዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ጠዋት ብሎኑን አጠበቀና ሁለተኛው እርከን ላይ ሲወጣ፣ ቀጭ። በቂጡ ዘጭ አለ። እውነት ለመናገር ሳቅኩ። ጉድ ያረገኝ ያ ሳቅ ነው።

"እስከ ነገ ካላመንክ ወደ እናትህ ትሄዳለህ" አለኝ።

እናቴ ጋ መሄድ ማለት ከእንጀራ አባቴ ጋ ድንጋይ መሸከም ነው። ሌላ ሥራ ደሞ የሚሰጠኝ የለም። ስሜ ቀድሞኝ ይደርሳላ። አምና ምስማሬ የምንለው የአጎቴ ሠራተኛ በሚያቦካው ሬዚን ውስጥ ማጠንከሪያ ጨመር አድርጌበት ባልዲው ሲጨስ በባዶ እግሩ ሮጧል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቢጥልም ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

እኔም በተራዬ ምስማሬን ጠረጠርኩ። ከሲታ ነው፣ አይናገርም፣ ማታ ማታ ቦርሳው ተነፋፍቶ ነው የሚወጣው። ዞር ሲል ከፈትኩት። ቡትቶና ግማሽ ዳቦ።

"አገኘኸው?" አለኝ ከኋላዬ።

"ዳቦው ደርቋል" አልኩት። ምን ልበል?

እሱ ግን ወደ አጎቴ ሄዶ፣ "ጋሼ፣ ከመሰላሉ ትንሽ ቆርጠን እናቃጥል" አለ። "ሬዚኑ ይነዳል፣ መስታወቱ ይቀራል። ንጣፉን ቆጥረን እንረፍ።"

መዳፍ የምታህል ቆርጠን ደጅ ምድጃ ላይ ጣልናት። ጥቁር ጭሱ ሲነሳ የአጎቴ ሚስት እያሳለች ወጣች። "ደሞ ማንን ልትገሉ ነው?"

"ሌባ እያወጣን ነው እትዬ" አልኳት። "ሌባው እኔ ነኝ አሉ።"

ሲበርድ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ነጭ ክር ብቻ ቀረ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ በወረንጦ ገለጠ። አንድ፣ ሁለት... ሰባት። ድጋሚ ቆጠረ። ሰባት።

"ይቅርታዬስ?" አልኩ።

"ዝም በል።"

ምስማሬ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ሁሉም ቆመዋል" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ጨርቅ ክሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው የሚሮጠው። አንዱን አቁመህ ሌላውን በላዩ ካላጋደምክ እንደ ማገዶ ይፈለጣል። ስለዚህ ሁሌም አንድ ሰው ራስጌ ቆሞ "ቁም፣ ተኛ" እያለ ይጣራል፣ ሌላው ያነጥፋል። እኔ ሲሰለቸኝ "ተቀመጥ" እላለሁ። የዚህ መሰላል ቀን ግን ጠሪ አልነበረም። አጎቴ የሬዚኑን ቅመም እንዳንሰርቀው ሁላችንንም አስወጥቶ ቆለፈ። በቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ ሬዚኑ ሳይደርቅበት ብቻውን ላቡ ጠብ እስኪል ይሯሯጥ ነበር።

አጎቴ ክሩን አየ፣ እኛን አየ።

"ሰው ገብቷል" አለ።

"በየት?" አለ ምስማሬ።

"እኔ እንጃ በየት። ሳይደርቅ ገብቶ አዙሮብኛል። የገዛ እናቴ ልጅም ይሁን፣ ይሄን ያደረገ ሰው ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይወጣል።" ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

ሚስቱ ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ እያራገበች፣ "ቁልፉ ያን ሌሊት አንተ አንገት ላይ ነው ያደረው፤ ሲወጋኝ አድሯል" አለችው። "በል እንግዲህ፣ በሩ ያውልህ።"