የተሳሳተው ቅጂ

ዘመናይ ዓይኗን ያጣችው በልጅነቷ በኩፍኝ ነው። አጎቷ «ሕክምና አይጠፋላትም» ብሎ ከቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ እስራኤል ይዟት ገባ። ሕክምናው አልተሳካም። እሷ ግን ዕብራይስጡንም ብሬይሉንም ተምራ፣ ቤኤር ቱቪያ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስልክ አገናኝ ሆነች። እናቷ ወለላ በሱዳን በኩል ዞራ ክርያት መላኪ የደረሰችው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የዘመናይ ታናሽ እህት ማሪቱ መንገድ ላይ ሞታ ቀርታለች።

ወለላ ስለ ማሪቱ ትንፍሽ ሳትል ከረመች። አንድ ቀን ግን ልብስ እያጠፈች ሁሉንም አወራቻት፤ ልጅቱ እንዴት እንደታመመች፣ ምን ምን እንዳለች፣ ማን እንደቀበራት። ስትጨርስ «ነገርኩሽ። ሁለተኛ እንዳታስወሪኝ» አለች።

ገደራ፣ የዓይነ ስውራን ማኅበር ቤት ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ነበር። የተጻፈውን በብሬይል ነጥብ ከጣት ሥር ብቅ የሚያደርግ መሣሪያ ተያይዞለታል። ዘመናይ ከሥራ ስትወጣ በአውቶቡስ ወደዚያ እየሄደች፣ የእናቷን አማርኛ በዕብራይስጥ ፊደል ዲስክ ላይ አሰፈረችው። ለእሷ ማሪቱ ማለት ያ ጽሑፍ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበራትም።

ማኅበሩ ውስጥ ኮምፒዩተር የምታስተምራት መምህሯ «ዲስክ ይበላሻል፤ ሌላ ላይ ገልብጪው» አለቻት። ችግሩ፣ የመገልበጫው ፕሮግራም ሲከፈት ነጥቦቹ ጸጥ ይላሉ። ማሽኑ ትእዛዙን የሚሰጠው በስክሪኑ ላይ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው። መምህሯ በሌለችበት ቀን ያለው የሚባለውን የአጎቷን ልጅ ከያቭነ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ይኸኛው የተጻፈበት ነው፤ ነጥብ ለጥፌበታለሁ። ያኛው ባዶው ነው» አለችና ሁለቱን ሰጠችው።

«ቤሰደር፣ እሺ። አንዱን አስገባ ይላል።»

«የትኛውን?»

ያለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «አዲሱን መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበል፣ አንብበው!»

«እያነበብኩ እኮ ነው፣ እህቴ። አታስቢ።»

ማሽኑ አጉረመረመ። ዲስኩ ወጣ፤ ሌላው ገባ። ዘመናይ እጇን ዘረጋች፤ ግን ምን ትይዛለች? ጭኗ ላይ መለሰችው።

«ያላ፣ አለቀ!»

ነጥቦቹ ሲመለሱ ነጥብ የለጠፈችበትን ዲስክ አስገብታ ጣቷን አሳረፈች። ልሙጥ ነው። አውጥታ ሌላውን አስገባች። እሱም ልሙጥ ነው። ባዶው በሙሉው ላይ ተገልብጧል።

«ያለው፣ ምን አደረግህ?» አለች። ሲያለቅስ ሰማችው።

በማግስቱ ያቭነ ወደሚገኝ አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ይዟት ሄደ። ሰውየው ዲስኩን ወዲያ ወዲህ ሲሞክር ቆየና «የድሮው የለም፤ በላዩ ተጽፎበታል» አለ። «ጠርዙ ላይ ይቺን ወረቀት ብትለጥፉበት ኖሮ ማሽኑ አይጽፍበትም ነበር» ብሎ ቁራጯን መዳፏ ላይ አኖረላት።

ቤት ስትገባ እናቷን እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ለመነቻት። «እናቴ፣ የማሪቱን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ።»

«አልችልም፣ ልጄ» አለች ወለላ። «ያን ቀንም እንዴት እንደወጣኝ እንጃ።» ወደ ማድቤት ገብታ የቧንቧውን ውሃ ከፈተችው። ዘመናይ ውሃው እስኪዘጋ ጠበቀች፤ አልተዘጋም።

በሳምንቱ ገደራ ተመልሳ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። የምታስታውሰውን መጻፍ ጀመረች። ሁለት መስመር ሄደችና ጣቷን መልሳ አነበበችው። የእናቷ ቃል ይሁን የራሷ መለየት አቃታት። አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና አጠፋችው። የማኅበሩ ዘበኛ በሩን ሊዘጋ መጥቶ «ልንዘጋ ነው፣ እህቴ» እስኪላት ድረስ እዚያው ተቀምጣ ነበር።